ከማጀት ወደ ማተሚያ ቤት

ስኮትላንድ በራሷ ንጉሥና በራሷ ሸንጎ ትተዳደር በነበረበት ዘመን፣ በቆላማው አገሯ ንጉሡ በዙፋኑ፣ ዳኛው በችሎቱ፣ ባለቅኔው በድርሰቱ፣ ነጋዴውም በገበያው የሚናገረው ልሳን አንድ ነበረ። ይህ ልሳን ከእንግሊዝኛ ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ሆኖ፣ በድምፁም በቃላቱም በአነጋገር ስልቱም የራሱን መንገድ ይዞ ያደገ፣ ዛሬ ስኮትስ ተብሎ የሚጠራው ነው፤ በተራራማው አገር የሚነገረው ጌይሊክ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ ነው። ይህ ልሳን እንዴት ከክብሩ እንደ ወረደ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የልብ ወለድ ደራስያን ከባላገሩ አፍና ከማጀቱ ወጥቶ እንዲነበብ እንዴት እንዳበቁት በተራ እተርካለሁ፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ውርደቱ የጀመረው፣ ለሰሚው የሚያስገርም ቢሆንም፣ በቅዱስ መጽሐፍ ምክንያት ነው። በ1560 የስኮትላንድ ሸንጎ የሮማውን ሊቀ ጳጳስ ሥልጣን ሽሮ የተሐድሶን ሃይማኖት ሲቀበል፣ ለምእመናን የሚነበብ መጽሐፍ ቅዱስ በአገሩ ልሳን ታትሞ አልተገኘም፤ ስለዚህ በጄኔቫ በስደት የነበሩ እንግሊዛውያን የተረጐሙት መጽሐፍ በየአጥቢያው ገባ። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ለሕዝቡ በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ ሕዝቡም እርስ በርሱ በስኮትስ የሚነጋገር ሆነ። በ1603 ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዘውድ ወርሶ ወደ ሎንዶን ሲሄድ፣ ባለቅኔውና ባለሟሉ አብረውት ሄዱ፤ በ1707 ደግሞ ሁለቱ ሸንጎዎች አንድ ሲሆኑ የሕግ መደንገጊያው ቋንቋ የእንግሊዞች ሆነ። እንግዲህ ልሳኑ በመቶ ኀምሳ ዓመት ውስጥ መቅደሱንም፣ ቤተ መንግሥቱንም፣ ሸንጎውንም አጣ ማለት ነው።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የኤዲንብራ ሊቃውንት በፍልስፍና፣ በታሪክና በሕክምና ስማቸው በአውሮፓ ሁሉ የገነነ ቢሆንም፣ በአፋቸው ግን ያፍሩ ነበር። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም የተወለደበትን አገር ቃና ከአንደበቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ያላጠፋ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1752 ከወጣው መጽሐፉ ጋር ከጽሑፍ መወገድ የሚገባቸውን የስኮትላንድ አባባሎች ዝርዝር አያይዞ አሳተመ። በ1761 ቶማስ ሸሪዳን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ተዋናይ ወደ ኤዲንብራ መጥቶ ስለ መልካም እንግሊዝኛ አነጋገር ትምህርት ሲሰጥ፣ ጠበቆችና ቀሳውስት መኳንንትም ሳይቀሩ ገንዘብ ከፍለው እንደ ፊደል ቈጣሪ ሕፃናት በፊቱ ተቀመጡ። የፍልስፍና መምህሩ ጄምስ ቢቲም በ1787 የስኮትላንድን አባባሎች በፊደል ተራ ደርድሮ፣ ወጣቶች እንዲሸሹአቸው መከረ። ለእኛ አገር አንባቢ ስሙ እንግዳ ያልሆነው ጄምስ ብሩስም የዚሁ ትውልድ የስኮትላንድ ባላባት ነበረና፣ ስለ ጐንደርና ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በ1790 በኤዲንብራ ሲያወጣ የጻፈው፣ እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ ነው።

ይሁን እንጂ የተናቀው ልሳን አልሞተም። ሎርድ ብራክስፊልድ የተባለው ኀይለኛ ዳኛ በ1799 እስኪሞት ድረስ በከፍተኛው የወንጀል ችሎት ተቀምጦ ያለ ኀፍረት በስኮትስ ይናገር ነበር፤ በኤዲንብራ የጥንት ሰፈሮች የሚኖሩ የታላላቅ ቤት አሮጊቶችም የወጣቶቹን ሽቅርቅር እንግሊዝኛ እየናቁ የአያቶቻቸውን ንግግር ጠብቀው ነበር። ለግጥም ደግሞ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ የገበሬ ልጅ ሮበርት በርንስ በ1786 በኪልማርኖክ ከተማ 612 ቅጂ ብቻ ያሳተመው የግጥም መጽሐፍ የአገሩን ልብ ማርኮአል። ዝርው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ብቻ መሆን አለበት የሚለው ሥርዓት ገና የሚደፍረው አልተገኘም ነበር።

ይህን ሥርዓት ያናወጠው ዋልተር ስኮት በ1771 በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ የሕግ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ እናቱም የታወቀ የሕክምና መምህር ልጅ ነበሩና፣ ሕፃኑ በከተማው ቢያድግ ኖሮ ጨዋ እንግሊዝኛ የሚናገር ሌላ ጠበቃ ይሆን ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ነገር ግን ገና በዓመት ተኩሉ በደረሰበት ሕመም የቀኝ እግሩ ሽባ ስለ ሆነ፣ የገጠር አየር ይፈውሰዋል ተብሎ በእንግሊዝ ወሰን አጠገብ ወዳለው ወደ አያቱ እርሻ፣ ወደ ሳንዲኖው ተላከ። በዚያም እረኛው በትከሻው ተሸክሞ ከመንጋው ጋር ያውለው፣ ማታም አያቱና አክስቱ ስለ ጥንት ወሰን ተሻጋሪ ወንበዴዎች የሚወራውን ተረትና ዜማ ይነግሩት ነበር። ሕክምናው እግሩን አላዳነም፤ ጆሮው ግን ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ስንቅ ያዘ።

አድጎ የሕግ ሰው ከሆነ በኋላ ስኮት በፈረስ እየዞረ የወሰኑን አገር ጥንታዊ የትረካ ዘፈኖች ከሽማግሌና ከባልቴት አፍ ሰበሰበ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎችም በ1802 ታተሙ። በዚያው ጊዜ በኤትሪክ ሸለቆ የበግ እረኛውን ጄምስ ሆግንና እናቱን ማርጋሬት ሌይድሎን አወቀ። ልጅዋ ኋላ እንደ ተረከው፣ አሮጊቲቱ መጽሐፉን ካየች በኋላ ስኮትን ፊት ለፊት ወቀሰችው፤ ዘፈኖቹ ሊዘፈኑ እንጂ ሊነበቡ አልተሠሩም፣ አሁን በማተምህ ውበታቸውን አጥፍተሃል፣ ደግሞም በትክክል አልጻፍሃቸውም አለችው። ለኤትሪክ የገበሬ ሚስት ፊደል ማለት የድምፅ መቃብር ነበረ። እኔም ይህን ወቀሳ ከብዙ ሊቃውንት ሐተታ ይልቅ አከብረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የስኮትላንድ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የደከሙበት ችግር ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተጠቅሎ ይገኛልና።

በ1808 ሁለት የማይመሳሰሉ መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው የቄሱ የጆን ጄሚሰን የስኮትላንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነው። ጄሚሰን አስቀድሞ ስኮትስን የተበላሸ እንግሊዝኛ አድርጎ ይቈጥረው ነበር፤ ነገር ግን ቶርክሊን የተባለ ሊቅ ከሰሜን አውሮፓ መጥቶ፣ በስኮትላንድ ባላገሮች አፍ የሰማቸው ብዙ ቃላት ከጥንታዊው የአይስላንድ ልሳን ጋር አንድ መሆናቸውን ባስረዳው ጊዜ አሳቡን ለወጠና፣ የስብከት ሥራውን ሳይተው ዓመታት ደክሞ ሁለቱን ትልልቅ ጥራዞች አወጣ። ሁለተኛው የኤልሳቤጥ ሀሚልተን አጭር ልብ ወለድ ነው። በዚህ መጽሐፍ በእንግሊዝ ጌቶች ቤት ስታገለግል የኖረች ወይዘሮ ሜሰን ግሌንበርኒ ወደምትባል ቈሻሻ መንደር መጥታ በዘመዷ በወይዘሮ ማክላርቲ ቤት ታርፋለች፤ ቅቤው ፀጉር የተቀላቀለበት፣ ቤቱም ጽዳትን የማያውቅ ነው፤ ይህ ለምን አይስተካከልም በተባለ ቍጥር የባለቤቲቱ መልስ «ካና ቢ ፋሽድ» ነው፤ ይኸውም «ማን ይጨነቅበታል» እንደ ማለት ያለ የስንፍና ቃል ነው። ይህች አባባል ከመጽሐፉ ወጥታ በመላው ስኮትላንድ መተረቻ ሆነች። ይሁን እንጂ ልብ ማለት የሚገባን፣ በዚህ ድርሰት ንጽሕናና ትጋት በእንግሊዝኛ፣ ስንፍናና እድፍ በስኮትስ መናገራቸውን ነው፤ ልሳኑ ወደ ልብ ወለድ ገባ፣ ነገር ግን እንደ ተከሳሽ ገባ።

ስኮት በዚህ ጊዜ በረዣዥም ግጥሞቹ ታላቅ ዝና ያተረፈ ሰው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የተወውን የልብ ወለድ ረቂቅ፣ ኋላ እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሲፈልግ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ አገኘውና ጨረሰው፤ ሐምሌ 7 ቀን 1814 «ዌቨርሊ» በሚል ስም ያለ ደራሲ ስም ታተመ። የመጀመሪያው 1000 ቅጂ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አለቀ። ደራሲው ማንነቱን ለመሰወር ከመጠንቀቁ የተነሣ፣ በእጁ የጻፈው ረቂቅ በቀጥታ ወደ ፊደል ለቃሚዎቹ አይሄድም ነበር፤ ወዳጁ አታሚው ጄምስ ባለንታይን በሌላ ሰው እጅ አስገልብጦ ነው ለሠራተኞቹ የሚሰጠው።

የስኮት ብልሃት ትረካውን በጨዋ እንግሊዝኛ ይዞ፣ ባለታሪኮቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እያንዳንዱን በአገሩና በማዕርጉ ንግግር ማናገር ነበረ። ለዚህም የአየርላንዲቱ ደራሲ የማሪያ ኤጅዎርዝ መጻሕፍት መንገድ እንዳሳዩት በዌቨርሊ መደምደሚያ ላይ መስክሮአል። የዘመኑ ኀያል ሐያሲ ፍራንሲስ ጄፍሪ በ«ኤዲንብራ ሪቪው» መጽሔት፣ ከመጽሐፉ ግማሹ ከአምስት አንባቢ አራቱ በማይረዳው ንግግር መጻፉን እየጠቀሰ እንኳ፣ ድርሰቱን አመሰገነ። የሎንዶን አንባቢ ያልገባውን ቃል እየዘለለ፣ ወይም ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ እየገመተ ማንበብን ለመደ፤ ልብ ወለዱ ጣፋጭ ስለ ነበረ ቋንቋውን ታገሠው፣ ቀስ በቀስም ወደደው።

በ1815 የወጣው «ጋይ ማነሪንግ» ይህን ጥበብ የበለጠ አሠፋው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ንግግር አለ፤ አንዱ እንደ ዳንዲ ዲንሞንት ያለ የወሰን አገር ገበሬ የሚናገረው ደልዳላ ስኮትስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዘላኖቹና የወንበዴዎቹ የምሥጢር ቋንቋ ነው፤ የሰውን ጆሮ ለማምለጥ የተፈጠረ ስለ ሆነ ደራሲው በቍጥብነት ብቻ ጣል ያደርገዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ የአትክልት ጠባቂ ሽማግሌ ለገረድ የሚናገረው አንድ ቃል ነው። የቀረጥ ሹሙ ፍራንክ ኬኔዲ የኮንትሮባንድ መርከብ ሲሳደድ አይቶ በደስታ ሰክሮ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሽማግሌው ይህን አይቶ ሹሙ «ፌይ» ሆኖአል ይላል። ቃሉ ሰው ሊሞት ሲል የሚይዘውን ከልክ ያለፈ ደስታና መቅበጥ የሚገልጽ ነው፤ ስኮትም ለእንግሊዝ አንባቢ በአጭሩ ይተረጕመዋል። በዚያው ቀን ኬኔዲ ተገድሎ ከገደል ሥር ይገኛል። መኳንንቱ በእንግሊዝኛቸው ያላዩትን ሞት አትክልተኛው በአንድ ቃል አየው፤ ቃሉ የዘመናት እምነትና ፍርሀት የተሸከመ ነበረና።

በማግሥቱ ዓመት በ1816 «አንቲኳሪ» የተባለው መጽሐፍ ሲወጣ ይህ ነገር በግልጥ የትረካው ማእከል ሆነ። ጥንታዊ ቅርስን አጥብቆ የሚወደው ባላባት ጆናታን ኦልድባክ፣ ወዳጁን ወጣት ወደ አንድ ኮረብታ ወስዶ፣ በምድሩ ላይ የሚታየው ጕብታና ጕድጓድ የሮማውያን ጦር ሰፈር እንደ ነበረ በላቲን ጥቅስና በታሪክ ማስረጃ እያስጌጠ ያስረዳዋል፤ ከዚያ ቦታ የተገኘ ድንጋይ ላይም የተቀረጹትን አራት ፊደላት የሮማ ምስጢር አድርጎ ይፈታቸዋል። ንግግሩ ከፍ ከፍ እያለ ሲሄድ ከኋላው ድንገት የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ኢዲ ኦኪልትሪ ነው፤ ሰማያዊ ካባ ለብሶ፣ የንጉሥ የቈርቈሮ ምልክት ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲለምን የተፈቀደለት፣ አገሩ በሙሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ለማኝ። እርሱም በስኮትስ፣ ሮማዊ በሉት ሌላም በሉት እኔ ሲሠራ አስታውሳለሁ ይላል። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ለአንድ ሰው ሠርግ የመጡ ግንበኞችና እረኞች የሠሩት መጠለያ ነው፤ ፊደላቱም የሙሽራው ስምና የረጅም ጭልፋው መታሰቢያ ናቸው፤ ይኸው ጭልፋ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾአል። የላቲኑ ሕንጻ በአንድ የባላገር ዐረፍተ ነገር ወደቀ።

በዚያው መጽሐፍ ማጊ ማክልባኪት የምትባል ዓሣ ሻጭ አለች፤ ኦልድባክ በዓሣው ዋጋ ሲከራከራት፣ የምትሸጥለት ዓሣ ብቻ አለመሆኑን፣ በባሕር ላይ የሚያልቀው የሰው ሕይወት መሆኑን ትነግረዋለች። ቃሉ የገበያ ቃል ነው፤ ልጅዋ ስቲኒ ሰጥሞ በሞተ ጊዜ ግን ያ የገበያ ቃል ትንቢት ሆኖ ይመለሳል። አባቱ ሳውንደርስ ከቀብሩ በኋላ ያችኑ ልጁን የገደለች ጀልባ ሲጠግን ኦልድባክ ያገኘዋል፤ አንተ ባለጠጋ ቤትህ ተቀምጠህ ታለቅሳለህ፣ እኛ ግን ልባችን እንደ መዶሻዬ ቢመታም እንኳ ወደ ሥራችን እንመለሳለን ይለዋል። ከዚህ በኋላ ስኮትስ ለሣቅ ብቻ የሚሆን ልሳን ነው ሊል የሚደፍር አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው «ኦልድ ሞርታሊቲ» ደግሞ፣ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱት ኪዳናውያን ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰዱትን እንግሊዝኛ ከማጀት ንግግራቸው ጋር እንደምን እንደ ገመዱት በአሮጊቲቱ በሞዝ ሄድሪግ አፍ ይሰማል፤ የነቢያት ተግሣጽና የገንፎ ድስት በአንድ ትንፋሽ ይወጡላታል።

በ1817 መጨረሻ የወጣው «ሮብ ሮይ» የግላስጎውን ነጋዴና ሹም ቤሊ ኒኮል ጃርቪን ለአገሩ ሰጠ፤ በየንግግሩ «ኅሊናዬ!» እያለ የሚምለው ይህ ደግ ሰው ብዙ ሳይቈይ ወደ ቴአትር መድረክ ወጣ። በዚያው ዓመት በኤዲንብራ መካከል የነበረው አሮጌ እስር ቤት ፈረሰ፤ ስኮትም የእስር ቤቱን በር ወስዶ በአቦትስፎርድ ባሠራው ቤቱ ግድግዳ ላይ አስገባው። ያንን እስር ቤት ሕዝቡ በቀልድ «የሚድሎዝያን ልብ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ የአውራጃው ልብ የታሰረና የተሰቀለ ሰው የሚኖርበት ነው እንደ ማለት። ይህን የመንገድ ስም ስኮት በ1818 ለታላቁ ልብ ወለዱ አርእስት አደረገው።

የታሪኩ መነሻ እውነተኛ ሴት ናት። ሄለን ዎከር የተባለች ድኻ የገጠር ልጅ፣ እኅትዋ ሕፃን በመግደል ተከሳ ሲፈረድባት በሐሰት መስክራ ልታድናት አልወደደችም፤ ነገር ግን በእግርዋ እስከ ሎንዶን ተጕዛ በአርጋይል መስፍን አማካይነት ምሕረት አስገኘችላት። በመጽሐፉ ጂኒ ዲንስ ተብላለች። ጂኒ ወደ እንግሊዝ ስትገባ ሰዎቹ በነጠላዋና በንግግርዋ ይሣለቁባታል፤ መስፍኑ ግን አለባበስዋን እንዳትለውጥ ያዝዛታል። በንግሥት ካሮላይን ፊት ቆማ፣ የሞት ሰዓት ሲመጣ የሚያጽናናን ለሌላው ያደረግነው እንጂ ለራሳችን ያደረግነው እንዳይደለ ስትናገር፣ ንግሥቲቱ ይህ ነው አንደበተ ርቱዕነት ትላለች። ስኮት በዚህ ቦታ የጂኒን ስኮትስ አለዝቦታል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ቃና አብዝቶ የማጀቱን ቃል ቀንሶአል። ይህን ያደረገው ንግሥቲቱ እንድትረዳ ነው ወይስ የሎንዶን አንባቢ እንዲያለቅስ? ሁለቱም ይመስሉኛል፤ ነገር ግን ከፍ ያለውን ስሜት ለእንግሊዝኛው መተው በሥራው ሁሉ የሚታይ ድካሙ ነው። ቢሆንም በልብ ወለድ ታሪክ የላም ጠባቂ ልጅ ነጠላዋን እንደ ለበሰች፣ አፍዋንም ሳትቀይር የዘውድን ልብ ስታሸንፍ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ሄለን ዎከር ከተቀበረች ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1831፣ ስኮት በመቃብርዋ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላት።

በዚያው በ1818 ሱዛን ፌሪየር «ጋብቻ» በተባለው ድርሰትዋ የኤዲንብራን አሮጊት ወይዛዝርት መራራ ስኮትስ አስነበበች። ስኮትም ራሱ አመስግኖአታል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አይርሻየር ሰው ወደ ጆን ጋልት ያልፋል። ጋልት በ1779 በኧርቪን ወደብ ተወልዶ በንግድ ሥራ ብዙ የተንከራተተ ሲሆን፣ ያሰበው ሁሉ ሳይሳካለት በ1820 በዊልያም ብላክዉድ መጽሔት የአንድ ቄስ ቤተ ሰብን የሎንዶን ደብዳቤዎች ማተም ጀመረ። በ1821 ደግሞ «የአጥቢያው ዜና መዋዕል» የተባለውን አወጣ። ይህ መጽሐፍ አዲስ ድፍረት ነበረው፤ በስኮት መጻሕፍት ተራኪው ሁል ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጨዋ ሲሆን፣ በጋልት መጽሐፍ ግን ትረካውን የሚጽፈው ራሱ የገጠሩ ቄስ ሚካ ባልዊደር ነው፤ ከ1760 እስከ 1810 በአጥቢያው የሆነውን ዓመት በዓመት ሲመዘግብ፣ የተማረው የቤተ ክህነት እንግሊዝኛና ያደገበት የአይርሻየር ንግግር ሳያስበው በብዕሩ ላይ ይዋሐዳሉ።

የመጀመሪያውን ዓመት ትረካ ማየት ይበቃል። ባላባቱ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የሾመው ስለ ሆነ ምእመናኑ አዲሱን ቄስ አይቀበሉትም፤ ሲመቱ በሚፈጸምበት ቀን ጭቃ እየወረወሩበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል፣ በሩም በምስማር ተመቶ ያገኘዋል። ቀሳውስቱ በመስኮት ገቡ። ሥርዓቱ ሲጀመር ሸማኔው ቶማስ ቶርል ብድግ ብሎ፣ በዮሐንስ ወንጌል በበሩ ሳይሆን በሌላ መንገድ ወደ በጎች ጕረኖ ስለሚገባው የተነገረውን ጮኾ ያነባል። ጥቅሱ ተራውን የስድብ ቃል ሥራ ሠራ፤ ቅዱሱም ቃልና የጎዳናው ቍጣ እንዲህ በአንድ አፍ ሲገናኙ ያሳየ ሌላ ጸሐፊ አላገኘሁም። ባልዊደር ግን ቂም አልያዘም፤ የሸማኔው ወዳጅ እስኪሆን ድረስ በየቤቱ እየዞረ ጠየቃቸው።

ጋልት በ1822 መጨረሻ ባወጣው «ኢንቴል» ከዚህ ርቆ ሄደ። በዚህ መጽሐፍ ሌዲ ግሪፒ የምትባል የግላስጎው አገር የባላባት ሚስት የሕግን ቃል ከማጀት ቃል ጋር እየቀላቀለች ትናገራለች፤ ልጅዋ ዋልተር ደግሞ ከስኮትስ በቀር የማያውቅ፣ የሞተች ሚስቱን ቤቲ ቦድልን የማይረሳ የዋህ ሰው ነው። ወንድሙ ርስቱን ሊወስድ ሲል አእምሮ የለውም ብሎ ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ጠበቆቹ በተማረ እንግሊዝኛ ይጠይቁታል፤ እርሱም ስለ ሚስቱና ስለ ሕፃን ልጁ በልቡ ያለውን በአፉ ሲመልስ፣ አንባቢው ፍቅርን ይሰማል፣ ሸንጎው ግን ዕብደትን ይሰማል፤ ተፈረደበት። የተናጋሪው ልሳን ራሱ ማስረጃ ሆኖ የተያዘበት ይህ ትዕይንት ከዚያ ዘመን መጻሕፍት ሁሉ ልቤን እጅግ የሚነካው ነው። ጋልት ኋላ በ1833 ባወጣው አጭር ታሪክ፣ የስኮትላንድ ጸሐፊ የእንግሊዝኛን ሀብት በሙሉ ይዞ ደግሞ የራሱ ልሳን ስለ ተጨመረለት የታደለ መሆኑን ጽፎአል።

በነሐሴ 1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ጐበኘ። በዚያ ጊዜ በቴአትር ቤቱ በንጉሡ ትእዛዝ የታየው ሮብ ሮይ ነበረ፤ ተዋናዩ ቻርልስ ማካይም የቤሊ ኒኮል ጃርቪን ስኮትስ በንጉሡ ፊት ተናገረ። ሂዩም ከጽሑፍ እንዲወገድ የዘረዘረው ንግግር ከ70 ዓመት በኋላ የንጉሥ መዝናኛ ሆነ።

የኤትሪኩ እረኛ ጄምስ ሆግ ዕጣው ከዚህ የተለየ ነበር። ከጥቂት ወራት በቀር ትምህርት ቤት ያልገባው ይህ ሰው በ1818 «የቦድስቤክ መንፈስ» የተባለውን የገጠር ልብ ወለድ ሲያወጣ፣ ስኮት የሰማውን ልሳን እርሱ ኖሮበት ስለ ነበረ፣ የእረኞቹ ቃል ከሌሎች መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ ወፍራምና ያልተገራ ነው። ከ1822 ጀምሮ ግን የብላክዉድ መጽሔት ጸሐፊዎች በየጊዜው በሚያወጡት የመሸታ ቤት ጭውውት «የኤትሪክ እረኛ» የሚባል ሰው ፈጥረው ያልተናገረውን ሁሉ በስኮትስ አናገሩት፤ አገሩ ሳቀ፣ ባለ ስሙም አዘነ።

በ1824 ስሙን ሳይገልጥ ያሳተመው «የጸደቀው ኃጢአተኛ ኑዛዜ» ለዚህ ሁሉ መልስ ይመስለኛል። ባለታሪኩ ሮበርት ሪንጊም በእግዚአብሔር ቅድመ ምርጫ አስቀድሜ ድኛለሁና የማደርገው ሁሉ ኃጢአት አይሆንብኝም የሚል ወጣት ነው፤ አንድ እንግዳ ወዳጅም በጠራ የመጽሐፍ ቋንቋና በትምህርተ ሃይማኖት ክርክር እየመራ ወደ ነፍስ ግድያ ያደርሰዋል። የዚህን ወዳጅ ማንነት በግልጥ የሚነግረው አገልጋዩ ሳሙኤል ስክሬፕ ነው፤ እርሱም በስኮትስ፣ ዲያብሎስ በአንድ ወቅት ወደ ኦክተርማክቲ መንደር ታላቅ ሰባኪ መስሎ እንደ መጣ፣ ሕዝቡም በስብከቱ እንደ ሰከረ፣ በመጨረሻም ሮቢን ራትቨን የተባለ ሽማግሌ የቀሚሱን ጫፍ ብድግ አድርጎ የተሰነጠቀውን ሰኰና እንዳሳየ ይተርክለታል። ሰይጣን በምርጥ እንግሊዝኛ ይሰብካል፣ ባሪያውም በማጀት ቋንቋ ይለየዋል። በመጽሐፉ ፍጻሜ የኑዛዜው አዘጋጅ የሆነው የኤዲንብራ ሰው የሪንጊምን መቃብር ሊያስቈፍር መጥቶ እረኛውን ሆግን ራሱን በበግ ገበያ ያገኘዋል፤ ሆግም በጎቼን ልሸጥ ወይስ የሰው አጥንት ልቈፍር ብሎ በስኮትስ ይመልሰዋል። በጭውውቱ መጽሔት ሌሎች በስሙ ሲናገሩ የኖሩት ሰው በገዛ መጽሐፉ በገዛ አፉ እምቢ አለ።

በዚያው በ1824 ስኮት «ሬድጋንትሌት»ን አሳተመ፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዐይነ ስውሩ ማሲንቆ መቺ ዊሊ ለጨዋው ወጣት በመንገድ ላይ ሲሄዱ የሚነግረው ታሪክ አለ። ለአሥር ዓመት የተራኪውን ወንበር ለእንግሊዝኛ ብቻ ይዞ የኖረው ስኮት በዚህ ቦታ ወንበሩን ለቀቀ፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በስኮትስ ነው። የዊሊ አያት ስቲኒ ለጨካኙ ባላባት ለሰር ሮበርት የቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ ነገር ግን ደረሰኙ ሳይጻፍ ባላባቱ በጣር ተይዞ ይሞታል፣ ገንዘቡም ይጠፋል። የባላባቱ ልጅ ገንዘቡን ድጋሚ ሲጠይቀው ስቲኒ በጨለማ ዱር ከአንድ እንግዳ ፈረሰኛ ጋር ይገናኛል፤ ፈረሰኛውም ወደ ሟቹ አዳራሽ ይወስደዋል። በዚያ በሕይወታቸው ኪዳናውያንን ያሳደዱ ጌቶች ሁሉ በግብር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ሣቃቸው ግን የሰው ሣቅ አይደለም። ስቲኒ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ የቀረበለትንም ዋሽንት ሳይነፋ በእግዚአብሔር ስም ደረሰኙን ብቻ ጠይቆ ይወጣል። ቤት ኪራይ፣ ደረሰኝ፣ የጠፋ የብር ከረጢት፤ ነገሩ ሁሉ የገበሬ ጭንቀት ነው፤ ሲኦልም የተነገረው ገበሬው ስለ ኪራዩ በሚናገርበት ቃል ስለ ሆነ ከብዙ የግጥም ሲኦል ይልቅ ያስፈራል። የስኮት ምርጥ ዝርው ጽሑፍ ይህ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

በ1825 ቄስ ጄሚሰን በመዝገበ ቃላቱ ላይ ሁለት ተጨማሪ ጥራዞችን ሲያወጣ፣ ለየቃላቱ ምስክር ከጠቀሳቸው መጻሕፍት መካከል የእነዚሁ ደራስያን ልብ ወለዶች ይገኙ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የስኮት አታሚዎችና አሳታሚዎች ኪሳራ ላይ ወድቀው እርሱም በዕዳ ተያዘ፤ የዌቨርሊ ደራሲ መሆኑን በ1827 በአንድ ግብር ላይ በአደባባይ ገለጠ፣ ዕዳውንም በብዕሩ ለመክፈል ሲደክም መስከረም 21 ቀን 1832 አረፈ። ሆግ በ1835፣ ጄሚሰን በ1838፣ ጋልትም ካናዳ ድረስ ተጕዞ የጌልፍን ከተማ ከቈረቈረ በኋላ በ1839 ተከታተሉ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሣቁንና እንባውን ብቻ ወሰዱ። ወንበሩን ለባላገሩ ተራኪ መልሶ የሰጠው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው፤ በጠማማ አንገት ስለ ተቀጣችው ስለ ጃኔት የጻፈውን የዲያብሎስ ታሪክ፣ ከአጭር የእንግሊዝኛ መግቢያ በቀር በሙሉ በስኮትስ አድርጎ በጥቅምት 1881 ሎንዶን በሚታተመው በ«ኮርንሂል» መጽሔት አወጣ፤ አዘጋጁ ሌስሊ ስቲቨንም የቃላት መፍቻ ሳይጨምርበት አተመው።